አበልጄ የወሰደችብኝ ገጽ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና፣ ሙቀቱ ሊበርድ ሲል፣ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ነው። «አልፏል፣ እርሺው» ይሉኛል። እንዴት አድርጌ ልርሳው? ሰው ስልኩን አውጥቶ «ኢንተርኔት ላይ ፈልጊው» ባለ ቁጥር ተነስቼ እሄዳለሁ። የምጽፍላችሁም እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ሐዘኔታ ጠግቤአለሁ። አንዷ እህቴ እንደኔ እንዳትሆን ብዬ ነው። ደግሞም ልዋሽ አልችልም፣ ንዴቴ ገና አልወጣልኝም።

ስሜ አስካለ ነው። ጅቡቲ የመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን ሰው ቤት ልሠራ ነው። ሄሮን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር ማዳም ኮሌት የምትባል ሴት ቤት ተቀጥሬ እዚያው እያደርኩ ሠራሁ። ማዳም ኮሌት የስፌት መኪና ነበራት፤ መስፋት ግን አትችልም። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ እያለሁ አክስቴ ዘንድ ልብስ ስሰፋ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን የሳሎኗን መጋረጃ ፀሐይ በልታው ሲተረተር፣ «እስቲ ስጪኝ» ብዬ አዲስ ሰፋሁላት። ከዚያ ወዲያ ጓደኞቿ ሁሉ «ያቺን ልጅ አውሺን» ማለት ጀመሩ።

ጅቡቲን የማያውቅ ሰው መጋረጃ ጌጥ ይመስለዋል። እዚህ ጌጥ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ስትወድቅ ገበር የሌለው መጋረጃ ከሰቀላችሁ፣ ክሊማ የምንለው የቤት ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ ቢያጉረመርም ቤቱ ምድጃ ነው። ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ አሸዋው የማይገባበት ቀዳዳ የለም። የትኛው ጨርቅ ፀሐይ እንደሚችል፣ ገበሩ እንዴት እንደሚያያዝ፣ ሽንሽኑ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል። መጎረር አይሁንብኝና፣ እሱን ከኔ የተሻለ የሚያውቅ እዚህ ከተማ አልገጠመኝም።

ማዳም ኮሌት ወደ አገሯ ስትመለስ የስፌት መኪናዋን ለኔ ሰጠችኝ። ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ ለራሴ መሥራት ጀመርኩ። ያኔ ልጄ ሄለን ተወልዳለች። አባቷ ሾፌር ነበር፤ አንድ ቀን «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። እሱን ተዉት፣ የዛሬው ወሬ የእሱ አይደለም።

የዛሬው ወሬ የፋንታዬ ነው። ፋንታዬ አበልጄ ናት፤ ሄለንን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። አባቷ በድሮው የባቡር ጊዜ ከድሬዳዋ መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው ስለነበሩ፣ ፋንታዬ ተወልዳ ያደገችው ጅቡቲ ነው። መታወቂያዋ የአገሩ ነው፣ ፈረንሳይኛውንም ሱማሌኛውንም ዓረብኛውንም ውሃ አድርጋ ትጠጣዋለች። ወገን ችግር ሲገጥመው የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። እኔም ስወልድ ሐኪም ቤት ይዛኝ የሄደችው፣ አራስ ሆኜ አጥሚት ያጠጣችኝ እሷ ናት። ይህን አልክድም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ሥራ ስጀምር ፓታንት የሚሉት የንግድ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። የኔ ወረቀት ለዚያ አይበቃም። ፋንታዬ «ምን ችግር አለው? በኔ ስም እናውጣው» አለች። አወጣነው። እኔ ብቻ አይደለሁም እንዲህ ያደረግሁት፤ እዚህ ያለ አበሻ ግማሹ የሚነግደው በሰው ፈቃድ ነው። ወረቀት ላይ ውል እንጻፍ አላልኳትም። ከአበልጅ ጋር ውል ይጻፋል እንዴ? ልጄን ታቅፋ እግዚአብሔር ፊት የቆመችን ሴት «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» ማለት ለኔ ነውር ነበር።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ ልምጣ። አንዷ ደንበኛዬ፣ «ለምን ማውጫው ላይ አትመዘገቢም?» አለችኝ። ማውጫ ያለችው የከተማው ነጋዴ ሁሉ ስሙን፣ ስልኩንና የሥራውን ፎቶ የሚያስገባበት ድረ ገጽ ነው። ቧንቧ ሠሪው፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉም እዚያ አለ። የሠራሽለት ሰው ገብቶ ኮከብ ይሰጥሻል፣ አስተያየት ይጽፍልሻል። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ምክንያቱም የኔ ደንበኞች ፈረንጆች ናቸው፤ ፈረንጅ ደግሞ እዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ተቀምጦ ይሄዳል። የምታመሰግነኝ ሴት ዛሬ አለች፣ ነገ አውሮፕላን ላይ ናት። አዲሶቹ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ይመጣሉ፤ ማንንም አያውቁም፣ ባዶ መስኮት ላይ አንሶላ ሰቅለው ስልካቸው ላይ ይፈልጋሉ። የሄዱት የጻፉልኝ ካልቆየ ለአዲሶቹ ማን ይመሰክርልኛል?

ልንመዘግብ ከፋንታዬ ጋር ተቀመጥን። የድርጅት ስም ሲል «ሄለን መጋረጃ» አልን፤ ለፈረንጅ አፍ ቀላል ነው፣ ደግሞ ልጃችን ናት። ስልክ ቁጥር ሲል የኔን ልነግራት ስል «አንቺ ደግሞ!» ብላ ሳቀችብኝ። «በፈረንሳይኛ ሲደውሉልሽ ምን ልትዪ ነው? ቦንዡር ብለሽ ልትዘጊ ነው? የኔን እናድርግ።» እውነቷን ነው። የኔ ፈረንሳይኛ የወጥ ቤት ነው፤ ድስት፣ መጥረጊያ፣ ነገ፣ እሺ ማዳም። የማረጋገጫው ቁጥር በእሷ ስልክ መጣ። መጨረሻ ላይ ረጅም ጽሑፍ ወጣ፤ የአጠቃቀም ደንብ ነው አለችኝ። «ምን ይላል?» ብላት «የማንም ጣጣ ነው፣ ሰው አያነበውም» ብላ ተስማምቻለሁ የሚለውን ነካችው። እኔም ፎቶ መምረጡ ላይ ነበር ልቤ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ጥሩ ነበሩ። ፋንታዬ ትደውልልኛለች፤ «አበልጄ፣ ሄሮን፣ አረንጓዴ በር፣ የመኝታ ቤት መስኮት» ትለኛለች። እኔ ሜትሬን ይዤ እሄዳለሁ፣ እለካለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እሰቅላለሁ። ማታ ስትመጣ የተጻፈልኝን ታነብልኛለች። አንዷ «እጇ ወርቅ ነው» ብላለች። ሌላዋ «ቤቴን ከእሳት አወጣችልኝ» ብላለች። እኔ ሰው ቤት ወለል ስወለውል የኖርኩ ሴት፣ ሥራዬ በማያውቁኝ ሰዎች ፊት እንዲህ ተመስግኖ ስሰማ አልቅሼ አውቃለሁ። ፋንታዬም አብራኝ ታለቅስ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

ካቻምና ክረምት ላይ የፋንታዬ የእህቷ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣች። ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄደን አብረን ተቀበልናት፤ ሻንጣዋን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ስፌት ትንሽ ተምራለች። እኔው ቤት እየመጣች ቁጭ ብላ ታየኛለች፣ እኔም አልሰሰትኩም፤ ገበር ሲገባ እንዲህ፣ ዝምዝማት ሲመታ እንዲህ እያልኩ አሳየኋት።

ከዚያ አዲሶቹ ፈረንጆች የሚገቡበት ወር መጣ። ስልኬ ዝም አለ። ፋንታዬን ብጠይቃት «ዘንድሮ የመጡት ጥቂት ናቸው አሉ፤ ጊዜው ተበላሽቷል» አለችኝ። አመንኳት። ጨርቅ ገዝቼ ቁጭ አልኩ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማ፣ ዛሬም አልሰፋሽም?» ስትለኝ «ሙቀት ነው የኔ እናት፣ ሲበርድ ይመጣሉ» እላታለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ የማውቀው ዘበኛ ደወለልኝ። ሄሮን የሚገኝ ቪላ የሚጠብቅ ሱማሌ ሽማግሌ ነው፤ ከዚያ በፊት እዚያ ቤት ሠርቼ ስለነበር የራሴ ቁጥር አለው። «አባዮ፣ እህቴ፣ አዲሷ ማዳም በመጋረጃሽ ተናዳለች፤ ነይና አስተካክይ» አለኝ። በየትኛው መጋረጃዬ? አዲሷን ማዳም በመልክ እንኳ አላውቃት! ቢሆንም ሜትሬንና መቀሴን ይዤ ሄድኩ።

ሳሎን ስገባ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። መጋረጃው አንዱ ጎን መሬት ይጠርጋል፣ ሌላው ጎን ወለሉ ላይ ሳይደርስ እንደ አጭር ሱሪ ቀርቷል። ሽንሽኑ እዚህ ተጨማትሯል፣ እዚያ ላልቷል። ገበሩ ከጨርቁ ረዝሞ ከታች ወጥቷል። ወይ ጉዴ! ይህን የሚሰቅል ሰው እንዴት ፈረንጅ ፊት ቆሞ «ጨርሻለሁ» ይላል?

ማዳምዋ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ናት። ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችው። ማውጫው ነው። ሄለን መጋረጃ ይላል። ፎቶዎቹ የኔ ናቸው፤ የማዳም ኮሌት ቢጫው ሳሎን አለ፣ የአረንጓዴው በር መኝታ ቤት አለ። «እጇ ወርቅ ነው» ያለችው አለች። አድራሻው ግን ካርቲዬ ዱ አይልም፤ አርሂባ ይላል። ፋንታዬ የምትኖረው አርሂባ ነው። የስልኩ ቁጥርም እንደ ድሮው የእሷ ነው። ከሥር ደግሞ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠች ሴት ፎቶ ገብቷል፤ ሻንጣዋን የተሸከምኩላት ልጅ።

«ሄለን አንቺ ነሽ?» አለችኝ ማዳምዋ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ምን ልበል? እኔ ነኝ ካልኩ ያ ጠማማ መጋረጃ የኔ ሥራ ሊሆን ነው። አይደለሁም ካልኩ ደግሞ ያ ሁሉ የተመሰገንኩበት ሥራ፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ የልጄ ስም የሌላ ሰው ሊሆን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ባለችኝ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ «ፎቶው እኔ፣ መጋረጃው እኔ አይደለም» አልኳት። ግንባሯን ቋጠረች። ልጅቷ የኔ ሠራተኛ መስላው የነበረው ዘበኛው ሽማግሌ ከበሩ ላይ ሆኖ በፈረንሳይኛ ሊያስረዳልኝ ሞከረ፤ እሷ ግን ሰዓቷን አየች።

ጥዬው ልሄድ ብዬ ነበር። ግን መስኮቱን አየሁት፤ ምዕራብ ነው የሚያየው። ቤቱ ውስጥ ሕፃን ልጅ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትመጣ ያ ሕፃን ይቃጠላል። መጋረጃውን አወረድኩት። ቤቴ ወስጄ ከሥሩ ፈታሁት፣ ገበሩን ቆረጥኩ፣ ሽንሽኑን እንደገና ያዝኩ፣ ስጨርስ መልሼ ሰቀልኩት። ማዳምዋ ወደ ኋላ ሄዳ አየችውና ፊቷ በራ። እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ? «ገጽሽ ላይ ጥሩ አስተያየት እጽፍልሻለሁ!» ጻፈችም። አምስት ኮከብ። ለፋንታዬ።

ከዚያ ቤት እንደወጣሁ ታክሲ ይዤ አርሂባ ሄድኩ። ፋንታዬ በሯን ስትከፍትልኝ ፊቴን አይታ ገባት። «ግቢ አበልጄ፣ ውሃ ጠጪ» አለችኝ። ውስጥ የእህቷ ልጅ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣለች፤ ስታየኝ አቀረቀረች።

«ፋንታዬ፣ ይህን ለምን አደረግሽ?» አልኳት። አበልጄ ማለት አፌ እምቢ አለኝ።

«ምን አደረግሁ?»

«ገጼን!»

«የማን ገጽ?» አለችኝ ቀስ ብላ። ድምጿ አልተቆጣም፤ እሱ ነው የገደለኝ። «አስካለ፣ ቁጭ በይና እናውራ። ፓታንቱ በማን ስም ነው? ስልኩ የማን ነው? ይሄ ሁሉ ዓመት ፈረንጅ ሲደውል ሲያመናጭቀኝ፣ በሌሊት ሲያስነሳኝ የመለስኩለት ማን ነኝ? እኔ አይደለሁም? ይቺ ልጅ አባት የላት፣ እናት የላት፤ እንጀራ ልፈልግላት አይገባም? የድረ ገጹም ደንብ የተመዘገበው ሰው ነው ባለቤቱ ይላል። እኔ ያወጣሁት ሕግ አይደለም።»

«ሰው አያነበውም አላልሽኝም ነበር?»

«አሁን አነበብኩት።»

ያን ጊዜ ጮህኩ። «ስሙስ? ስሙ የልጄ ነው! ቢያንስ የልጄን ስም መልሽልኝ!»

ፋንታዬ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሄለን የኔም ልጅ አይደለችም? እግዚአብሔር ፊት ታቅፌ ያነሳኋት እኔ አይደለሁም? በልጄ ስም ብነግድ ምን ይለኛል?» አለች። ይህን ስትል ከልቧ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ እያሾፈች ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

በነጋታው የነጻ ንግድ ቀጠናው ውስጥ በጸሐፊነት የሚሠራ ደረጀ የሚባል ያገሬ ልጅ ዘንድ ሄድኩ። ፈረንሳይኛ ያነባል ይጽፋል። ለድረ ገጹ ሰዎች አቤቱታ ጻፍንላቸው። ፎቶዎቹ የኔ ሥራ መሆናቸውን፣ የሰፋሁላቸውን ቤቶች፣ ሁሉንም። መልሱ ሲመጣ ደረጀ ለራሱ አንብቦ ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ንገረኝ እንጂ!» አልኩት።

ነገረኝ። በደንባችን መሠረት ገጹ የሚሆነው ስልኩን ላረጋገጠውና ፈቃዱ በስሙ ለሆነው ሰው ነው፤ በሸሪኮች መካከል ለሚነሳ ጠብ እኛ አንገባም፤ አዲስ ገጽ መክፈት ይችላሉ። ጥሩ፣ አዲስ እንክፈት አልኩ። ፓታንት የሌላት ሰው በራሷ ስም እንደ ግለሰብ መመዝገብ ትችላለች ይላል፣ ያ እንኳ ደግ ሆነ። «ሄለን» ብለን ብንጽፍ ግን እምቢ አለ፤ በዚህ ስም በዚሁ ሥራ የተመዘገበ አለ። ፎቶዎቼን ብናስገባ እምቢ አለ፤ ከሌላ ድርጅት ገጽ የተወሰዱ ናቸው፣ ከደገሙት እናግድዎታለን። ኧረ በሕግ! የገዛ እጄን ሥራ ሰረቅሽ ተባልኩ። ደረጀ በሐፍረት ይሁን በምን አላውቅም ፊቱን አዙሮ መሳቅ ጀመረ፤ እኔም ሳቄ መጣ። ከዚያ እንደ ሞኝ አለቀስኩ።

የሄዱት ማዳሞች አዲሱ ገጽ ላይ እንዲጽፉልኝ እንለምናቸው ብለን ለማዳም ኮሌት መልእክት ላክንላት። የነፍስ ሰው ናት፣ ወዲያው ጻፈችልኝ። በሳምንቱ ጠፋ። ለምን ብንላቸው አስተያየት የሚጻፈው ሥራው በተሠራ ሰሞን ብቻ ነው፣ ያረጀ አይቆጠርም አሉ። አሮጌው ገጽ ላይ ያለው ሁሉ ግን ለፋንታዬ ይቆጠራል።

ሽማግሌ ላክሁ። ከቤተክርስቲያናችን ሁለት አባቶች ተቀመጡልን። ነገሩን ከሥር ጀምሬ ነገርኳቸው። አንደኛው ሽማግሌ ጢማቸውን እየዳበሱ ሰምተው ሰምተው፣ «ልጄ፣ ሱቅሽን ነጠቀችሽ?» አሉኝ።

«የለም አባቴ፣ ገጼን ነው።»

«ገጹ የት ነው ያለው?»

«ኢንተርኔት ላይ።»

«መኪናሽ እጅሽ ላይ ነው?»

«አዎ።»

«እጅሽስ ጤና ነው?»

«ጤና ነው።»

«ታዲያ ምኑን ወሰደችው? በማይጨበጥ ነገር አበልጅ ከአበልጅ ይጣላል? በመሐላችሁ ክርስቶስ አለ። ተነሺ ልጄ፣ ሳሚያት።»

ፋንታዬ ገና ሲጀመር ጀምራ ታለቅስ ነበር። እኔ ደረቅ ፊት ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ማን ይሆን ጨካኝ መስሎ የሚታየው? ይሉኝታ አስነሳኝ። ሳምኳት። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ገጹ ግን እዚያው እሷ ጋ ቀረ፤ ስለሱ ያነሳ የለም። ስወጣ ሁለተኛው አባት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ፣ ይቅር ባይ ልብ አለሽ» አሉኝ። ይቅር አላልኩም ነበር። አንድም ቀን አላልኩም።

አዲሱን ገጼን «አስካለ መጋረጃ» ብዬው ነበር። ኮከብ የለው፣ ፎቶ የለው፣ የሚመሰክር የለው። በስንት ጊዜ አንዴ ይደወላል። አንዷ ደውላ «እነዚያ ሄለን ነን የሚሉት አስመሳዮች እናንተ ናችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ ፋንታዬ ገጿ ላይ «ከአስመሳዮች ይጠንቀቁ» ብላ ጽፋለች። የዚያን ቀን መኪናዬን በጨርቅ ሸፍኜው ዋልኩ። ኑሮዬን የደጎምኩት ለጎረቤት ልብስ እየጠጋገንኩ ነው።

ዓመት ዞረ። የፋንታዬ የእህት ልጅ ስፌቱ አልሆነላትም፤ አንድ ቀን መኪናውን ጥላ ወደ ዱባይ አለፈች። እሷ ከመሄዷ በፊት ያበላሸቻቸው መስኮቶች ግን ብዙ ናቸው። ከዚያ አንድ እሑድ ፋንታዬ ብርቱካን ይዛ ቤቴ መጣች። ሄለን ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ልጅ ምን ያውቃል? እኔ ነገሩን ለልጅ አልነገርኩም።

ልጅቷ ወደ ውጭ ስትወጣ ፋንታዬ ስልኳን አወጣች። «አበልጄ፣ ገጹን ወደ አንቺ ላስተላልፈው መጣሁ» አለችኝ። «ደንቡ ባለቤቱ ከፈቀደ ይፈቅዳል። ውሰጂው፤ ድሮም ያንቺ ነው።»

ልዋሻችሁ አልችልም፣ ደስ አለኝ። እሰይ ብዬ ልስማት ተነስቼ ነበር። እንዲያው አንድ ነገር ያዘኝና «እስቲ የመጨረሻዎቹን አንብቢልኝ» አልኳት።

«ተይው እሱን…»

«አንብቢልኝ።»

አነበበችልኝ። ድምጿ እየቀነሰ ሄደ። አንደኛዋ «ጨርቄን አበላሽተው ጠፉ» ብላለች። ሌላዋ «ሌቦች» ብላለች። ሌላዋ «ሄለን የምትባለው ሴት ውሸታም ናት» ብላለች። ሄለን። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ውጭ ገመድ ትዘላለች፣ እዚህ ስልኩ ላይ ውሸታም ትባላለች። ኮከቡ ሁሉ ረግፎ አንድ ቀርቷል።

«ይሄ ይጠፋል?» አልኳት።

«አይጠፋም። ባለቤቱ ቢለወጥም አስተያየት አይነሳም ይላል ደንቡ።» ስልኳን እያየች ጨመረች፤ «ወይ እንዲህ እንዳለ ማስተላለፍ፣ ወይ ለዘለዓለሙ መዝጋት ነው።»

ሥጋውን በልታ አጥንቱን አመጣችልኝ። ያን ጊዜ ንዴቱ ከእግሬ ጀምሮ ወጣ። ግን አልጮህኩም፣ ልጅቷ ውጭ ናት።

«ዝጊው» አልኳት።

«አስካለ! የዚያ ሁሉ ዓመት ሥራሽ? ማዳም ኮሌት የጻፈችልሽ? እርግጠኛ ነሽ? አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም።»

«በልጄ ስም ሲሰድቡ አላነብም። ደንቡን እንደሁ ታውቂዋለሽ። ዝጊው።»

ነካችው። ከዚያ እንደገና ማልቀስ ጀመረች፤ «ለውለታዬ እንዲህ ይመለስልኝ?» እያለች። አሁንም የምታለቅሰው እሷ ናት! ብርቱካኗን እንኳ መልሼ አልሰጠኋትም፤ ልጄ አይታዋለች። ሰፈር ውስጥ ግን «ልመልስላት ብሄድ እምቢ ብላ አዋረደችኝ» ብላ አስወርታለች። እዚህ ያለው አበሻ ግማሹ ቂመኛ ይለኛል። ይበለኝ።

አሁንም ቤተክርስቲያን እንገናኛለን። ሄለንን ትስማለች፣ ከረሜላ ትሰጣታለች። እኔ ልጄን ከክርስትና እናቷ አልለይም፤ በኔ ንዴት የሷ ቃል ኪዳን አይፈርስም። ግን ፋንታዬን ሳይ ያ የተረጋጋ ድምጿ ይመጣብኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ጸሎቴን አላገኘውም። እህቶቼ፣ ከምታምኑት ሰው ጋር ስትሠሩ ነው ውል የሚጻፈው። ከማታምኑት ጋርማ ማን ይሠራል?

የሄዱት ማዳሞች ዛሬም በየአገራቸው ሆነው፣ ወደ ጅቡቲ ለምትመጣ ጓደኛቸው «ሄለን መጋረጃን ፈልጊ» ይሏታል። ትመጣለች፣ ትፈልጋለች፤ በቀይ «በቋሚነት ተዘግቷል» የሚል ይወጣላታል። ባለፈው ዘበኛው ሽማግሌ እንደነገረኝ፣ አንዷ «ያቺ ጎበዝ ሴትዮ ሞታ ነው?» ብላ ጠይቃዋለች። አልሞትኩም። ካርቲዬ ዱ ነኝ፤ እየሰፋሁ ነው።